ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ

በቤት ውስጥ አንድ ዕቃ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ሆነ?» የሚለው አይደለም፤ «ማን ነካው?» የሚለው ነው። ጥያቄው እንዲህ ሆኖ ሲነሣ ደግሞ መልሱ ገና ሳይጠየቅ የታወቀ ይሆናል። ዕቃውን ስትወለውል የምትውል፣ ብትከራከር ቃሏ የማይሰማላት፣ ከዘመዶቿ ርቃ የመጣች አንዲት ልጅ በቤቱ ውስጥ አለች። ይህን የምለው በሰው ቤት ለመፍረድ አይደለም። በእኛው ቤት ስለ ተፈጸመ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ ትሠራ ነበር። በ1994 ዓ.ም. የዕቁብ ዕጣ ሲወጣላት ባለ 21 ኢንች የቀለም ቴሌቪዥን ገዛች። ያንን ዕቁብ ለመጣል ስንት ወር ምሳዋን ከቤት እየቋጠረች እንደ ሄደች አስታውሳለሁ። ቴሌቪዥኑ የገባ ዕለት ቡና ተፈላ፤ ጎረቤት ተጠራ። ከሳሎኑ ቡፌ ላይ ተቀመጠና እናቴ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። እኔ ያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ።

በቤት ሥራ የምታግዘን ልጅ ከመርሐ ቤቴ የመጣች ነበረች። ዕድሜዋ ከ16 ወይም ከ17 አይበልጥም። ስሟን እዚህ ባልጽፈው እመርጣለሁ። ወንድሜንና እኔን ትምህርት ቤት ታደርሰን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጉሬን ትሠራኝ ነበር። እናቴን «እትዬ»፣ አባቴን «ጋሼ» ትላቸዋለች። ቴሌቪዥኑን ከእኛ ሁሉ አብልጣ ትወደው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። የምሽቱ ዜና ሲጀመር ከማእድ ቤቱ በር ቆማ፣ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ታያለች።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በጥር ወር ከጅቡቲ ሲመለስ ያገለገለ ዴክ ከሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች፣ በተለምዶ ስፒከር ከምንላቸው፣ ጋር ይዞ መጣ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንዱን ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ፣ ሌላውን በስተግራ ገጥግጦ አስቀመጣቸው። ሌላ ቦታም አልነበረም። እናቴ ለእነርሱም ዳንቴል ፈለገችላቸው። ቤታችን ያማረ መሰለን።

በዚያው ምሽት ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ዜና አንባቢው በአንድ ወገን ጉንጩ አረንጓዴ፣ በሌላው ወገን ትከሻው ወይን ጠጅ ሆኖ ብቅ አለ። መሐሉ ደኅና ነው። ሁለቱ ጠርዞች ግን ቀለም የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። አባቴ ቁልፎቹን ቢነካካም ለውጥ አላገኘም። እናቴ ወደ ማእድ ቤቱ በር ዞረች።

«ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽዋል፤ ውሃ ገብቶበታል!»

«ማርያምን፣ እትዬ! ጨርቁ ደረቅ ነበር።»

ጨርቁ በእርግጥ ደረቅ ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ጉንፋን ይዞኝ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ሶፋው ላይ ተኝቼ ነበር። ስትወለውል አይቻታለሁ። በእጇ የነበረው የወንድሜ አሮጌ ነጭ ከናቴራ ነው፤ ደረቅ ነው። ግን አልተናገርኩም። እርስዋ ካልሆነች ጥያቄው ወደ እኔና ወደ ወንድሜ እንደሚዞር ገብቶኛል። የ10 ዓመት ልጅ ይህን ያህል ያውቃል።

በዚያ ቀን በዚያ ቡፌ ላይ ሁለት ነገር ተደርጎ ነበር። ጠዋት አንዲት ልጅ ወልውላለች፤ ከሰዓት በኋላ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ተቀምጠዋል። ከሁለቱ ያየነው አንዱን ብቻ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? አባቴ በደስታ ያመጣውን ዕቃ ማን ይጠረጥራል?

ቴሌቪዥኑ ወደ ጥገና ሄደ። ጠጋኙ በሱቁ ቢከፍተው ምስሉ የጠራ ሆነ። «ውሃ ገብቶበት ኖሮ ደርቋል መሰለኝ» ብሎ የድካሙን ተቀበለ። ወደ ቤት ተመልሶ ከሁለቱ ሣጥኖች መካከል ተቀመጠና ሲከፈት ግን አረንጓዴው በቦታው፣ ወይን ጠጁም በቦታው ቁጭ ብለዋል። በሌላ ቤት ደኅና፣ በእኛ ቤት ሕመምተኛ! አሁን ሳስበው ይህ ብቻውን ይበቃን ነበር። እናቴ ግን የጠጋኙን ዋጋ ከልጅቱ የሁለት ወር ደመወዝ ላይ ቆረጠች። ልጅቱ ለፋሲካ አልደረሰችም፤ ዕቃዋን በነጠላ ቋጥራ ወጣች። በሩ ላይ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አባቴ ዴኩን ከነድምፅ ማጉያዎቹ ሸጠው። የቴሌቪዥኑ ቀለምም ጠራ። እናቴ «እያደር ለቀቀው» አለች። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

እንደገና የተከፈተው በ2003 ዓ.ም. የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ተማሪ ሆኜ ነው። አንድ ቀን የቀዳነውን ቃለ መጠይቅ ለማዳመጥ በኮምፒዩተር ክፍሉ ከነበሩት ትልልቅ ባለ ቱቦ ሞኒተሮች ባንዱ ግራና ቀኝ ድምፅ ማጉያዎች አስጠጋሁ። ወዲያው የመስኮቱ ሁለት ጠርዞች አረንጓዴና ወይን ጠጅ ሆኑ። «እኔ አልነካሁትም!» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። የክፍሉ ቴክኒሺያን ሳቀ። «አንቺን ማን ነካሽው አለሽ? የነካው ማግኔቱ ነው» ብሎ ድምፅ ማጉያዎቹን ወደ ጠረጴዛው ጫፍና ጫፍ አራቃቸው። ቀለሙ ደበዘዘ። ቀጥሎ በሞኒተሩ ፊት ያለች አንዲት ቁልፍ ተጫነ። «ድም!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያም እንደ ታጠበ ጠራ። እኔ ግን የማየው ሞኒተሩን አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ነገር ፊቴ መጥቶ ተደቀነ።

ቁጭ ብዬ እንዲያስረዳኝ ለመንኩት። ያስረዳኝንና በኋላም በንባብ ያገኘሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

ባለ ቱቦው ቴሌቪዥንና ሞኒተር ውስጡ አየር የሌለበት ትልቅ የመስታወት ቱቦ ነው። የዚህን ቱቦ መነሻ የሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ነው። በቀለም ቴሌቪዥን ከቱቦው ጀርባ ሦስት የኤሌክትሮን ጨረሮች ይወጣሉ፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ መሆናቸው ነው። በመስታወቱ የውስጥ ፊት ላይ ጨረር ሲነካቸው የሚያበሩ የሦስቱ ቀለሞች እጅግ ጥቃቅን ነጥቦች ተደርድረዋል። ከነጥቦቹ ትንሽ ወደ ኋላ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ የብረት ሉህ አለ። እያንዳንዱ ጨረር በወንፊቱ ቀዳዳ አልፎ በየራሱ ቀለም ላይ ብቻ ማረፍ አለበት። ቀይ ሊያበራ የወጣው በአረንጓዴው ላይ ካረፈ የሰው ጉንጭ አረንጓዴ ይሆናል ማለት ነው።

እነዚህን ጨረሮች ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች የሚነዳቸው በቱቦው አንገት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ የሚፈጥረው የማግኔት ኀይል ነው። ስለዚህ ሌላ ማግኔት ከውጭ ሲጠጋ አንድ መሪ ሁለት ሹፌር እንደ ያዘው ይሆናል። ጨረሩ ከመንገዱ ጥቂት ይስታል፤ ጥቂት መሳቱም ቀለሙን ለማበላሸት ይበቃል።

ያ የውጭ ማግኔት ከየት መጣ? ከድምፅ ማጉያው። በጀርባው ከባድ ክብ ማግኔት አለ። በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ እንደ ጥሩምባ አፍ ከተዘረጋ ወረቀት ጋር የተያያዘ የሽቦ ጥቅል ይገኛል። በሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔቱ ይስበዋል፣ ይገፋዋል፤ ወረቀቱ ይርገበገባል፤ እኛም ዘፈን እንሰማለን። ነገር ግን የማግኔቱ ኀይል በሣጥኑ ውስጥ ተዘግቶ አይቀርም። እንጨት አያግደውም፤ ፕላስቲክም ሆነ ዳንቴል አያግደውም። ዴኩ ተከፍቶ ዘፈን ባይሰማበት እንኳ ማግኔቱ አይተኛም።

መከላከያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንደኛው ርቀት ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የማግኔቱ ኀይል ወደ አንድ ስምንተኛ ግድም ይወርዳል። ስለዚህ ቀለሙ እስኪጠራ ድረስ ድምፅ ማጉያውን ከቱቦው ማራቅ ነው። ሁለተኛው ከቱቦ አጠገብ እንዲቀመጡ ታስበው የተሠሩ ድምፅ ማጉያዎችን መጠቀም ነው። በእነዚህ ውስጥ ከዋናው ማግኔት ጀርባ ሌላ ማግኔት በተቃራኒ አቅጣጫ ይለጠፍና ሁለቱም በብረት ክዳን ይሸፈናሉ፤ ወደ ውጭ የሚወጣውን ኀይል አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። ከማእድ ቤት የምናውቀው የአሉሚኒየም ፎይል ግን ለዚህ ከንቱ ነው። የማግኔትን ኀይል የሚመልሰው ብረት ነው፤ ብረትም ቢሆን ኀይሉን አይገድለውም፤ በራሱ በኩል አድርጎ ሌላ መንገድ ያሳየዋል እንጂ። ለስስ የሳይንስ መሣሪያዎች ከኒኬልና ከብረት የተቀላቀለ፣ ሚው ሜታል የሚባል ብረት ይሠራበታል። ለቤት ግን ዋጋው የሚቀመስ አይደለም።

ድምፅ ማጉያው ከራቀ በኋላም ጥላው የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህ የሚሆነው ወንፊት መሳዩ የብረት ሉህ ራሱ የማግኔት ጠባይ ስለሚይዝ ነው። ለዚሁ ተብሎ በቱቦው ዙሪያ የሽቦ ጥቅል ተሠርቷል። ቴሌቪዥኑ ቀዝቅዞ ቆይቶ በዋናው ማብሪያ ሲከፈት ይህ ሽቦ ለጥቂት ሰኮንድ እየደከመ የሚሄድ ኀይል ያስተላልፍና ሉሁን ያጸዳዋል። ሲከፈት የምንሰማው «ድም» የእርሱ ድምፅ ነው። ወዲያው አጥፍቶ ወዲያው ማብራት ግን አይጠቅምም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የእኛ ቴሌቪዥን በጠጋኙ ሱቅ ሲከፈት የዳነው በዚሁ ነው። እንግዲህ ያዳነው ራሱን በራሱ ነው፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን አንዲት ድኻ ልጅ ነች።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ዛሬም ያላችሁ ብትኖሩ «ውስጡን ልይ» ብላችሁ እንዳትከፍቱት። በቱቦው ውስጥ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይሠራል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም የሚቀር አደገኛ ኀይል አለ።

የዚያን ዕለት ማታ ለእናቴ ስልክ ደወልኩ። ስለ ጨረሩም ስለ ማግኔቱም እንደ ተማርኩት ነገርኳት። ሳትመልስልኝ ቆየች። የተቋረጠ መሰለኝና «እማዬ?» አልኩ።

«የሁለት ወር ደመወዟ ስንት ነበር?» አለች።

ልጅቱን ያመጡልንን ጎረቤት አፈላልጋ አገኘቻቸው። እርሳቸውም ለሌላ ሰው ላኩን። ሁለት ወር ያህል ከጠየቅን በኋላ ልጅቱ በኮልፌ በኩል ጉሊት ሽንኩርትና ድንች እንደምትሸጥ ሰማን። ልጅቱ ማለቴ በልማድ ነው፤ ባለ ትዳር የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። እናቴና እኔ አብረን ሄድን። እናቴ ገንዘቡን በፖስታ አድርጋ ነበር። የዚያን ዘመን ብር የዚያን ዘመን ዋጋ የለውም ብላ ከቆረጠችው በላይ ጨምራበታለች። ከሽንኩርቱ መደብ ፊት ቆመችና ማሸጋገሪያ ቃል ሳትፈልግ «ልጄ፣ ያን ጊዜ በድዬሻለሁ። ጥፋቱ የአንቺ አልነበረም» አለቻት።

ሴትዮዋ መጀመሪያ አልገባትም። ስንነግራት ሚዛኑን አስቀመጠች። የተናገረችው ግን ያልጠበቅነውን ነው።

«እኔ'ኮ እትዬ፣ በኋላ በኋላ እኔው ነኝ ብዬ ነበር። ምናልባት ጨርቁ ረጥቦ ይሆናል ሳላየው ብዬ። ከዚያ ወዲህ በገባሁበት ቤት ሁሉ ቴሌቪዥን ወልውዬ አላውቅም። ጥርጊ ሲሉኝ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ገንዘብ ይመለሳል። ይህን ግን በምን እንመልሰው? ሰው በሐሰት ሲከሰስ የሚጎዳው በደመወዙ ብቻ አይደለም። ያየውን እንዳላየ፣ ያደረገውን እንዳላደረገ፣ በገዛ ዓይኑና በገዛ እጁ ላይ ጥርጣሬ ይገባበታል። ጨርቁ ደረቅ እንደ ነበር ማየቴን፣ አይቼም ዝም ማለቴን የነገርኳት ያን ጊዜ ነው። «አንቺ ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። ይህን ብትለኝም ልቤ አልቀለለም። እርስዋስ ልጅ አልነበረችም?

እኅቶቼ፣ ባለ ቱቦው ቴሌቪዥን ከብዙዎቻችን ቤት ወጥቷል። በቦታው የገባው ስስ መስኮት የሚነዳ ጨረር ስለሌለው በድምፅ ማጉያ ማግኔት ቀለሙ አይበላሽም። ማግኔቱ ግን ከቤታችን አልወጣም። የሠርጋችሁ ወይም የወላጆቻችሁ ድምፅ ያለበት የድሮ ካሴት ካላችሁ ከድምፅ ማጉያ ጀርባ አታስቀምጡት፤ የተቀዳውን ሊያበላሽ ይችላል። በቤቱ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ካለ ማግኔት ያለባቸውን ዕቃዎች፣ የእጅ ስልክንም ጭምር፣ ከደረቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ያርቅ። ከሁሉ በላይ ትንንሽ ማግኔቶችን ከሕፃናት አርቁ። ሁለት ከተዋጡ በአንጀት ውስጥ ይሳሳቡና አንጀቱን ሊበሱት ይችላሉ። ልጅ ማግኔት ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በራሱ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የምለው አንድ ነገር ነው። በቤታችሁ ዕቃ ሲበላሽ ከሠራተኛዋ ወይም ከልጁ በፊት ዕቃውን ጠይቁት። በዚያ ቀን ከአጠገቡ ምን አዲስ ነገር ተቀመጠ? ከዚያ ቦታ ሲነሣ ይድናል? ሲመለስ ይታመማል? ይህን ለመጠየቅ ዲፕሎማ አያስፈልግም፤ እናቴም ዕቃውን ወዲያና ወዲህ ለማድረግ የአንድ ምሽት ትዕግሥት ቢኖራት ትደርስበት ነበር። በቤቱም ያየ ልጅ ካለ «ምን አየህ?» ብላችሁ ሳትቆጡ ጠይቁት። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቁኝ ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። መናገሬን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

እናቴ ከኮልፌ ስንመለስ በታክሲው ውስጥ ምንም አልተናገረችም። የገዛነው ሽንኩርት ከጭኗ ላይ ነበር። ሦስት ኪሎ ነው፤ ሒሳቡን አልቀበልም ብላን በግድ ነው የከፈልነው። እናቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽንኩርት የምትገዛው ከዚያው ነው፤ ከቤታችን ሩቅ ቢሆንም።